የጓሮው ቤትና የገበያው ጨው

ሞጣ ያደገ ሰው ቢያንስ አንድ የጓሮ ቤት ያውቃል። እኔ የማውቀው ከማድ ቤት ጀርባ የቆመች ጠባብ ጎጆ ነበረች። መሃሏ ላይ የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ከምሰሶው ሥር እግሩ በሰንሰለት የታሰረ ጎልማሳ። እናቱ ጠዋት ማታ ምግብ ይዘው ይገባሉ፤ ጎንበስ ብለው ያጎርሱታል፤ ሰንሰለቱ ቁርጭምጭሚቱን እንዳይልጠው አሮጌ ነጠላ ቀደው ይጠቀልሉለታል። ያ ጨርቅ በየሳምንቱ ታጥቦ አጥር ላይ ሲሰጣ ልጅ ሆኜ አይ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚያወራ ግን የለም። ሲጠየቅ አንዱ «ለክፎት ነው» ይላል፤ ሌላው «ጨርቁን ጣለ» ይላል፤ የቆሎ ተማሪ ስለነበረም «አብሾ ጠጥቶ ነው» የሚሉ አሉ። አብሾ የአብነት ተማሪ ትምህርቱ ቶሎ እንዲገባው ይጠጣዋል የሚባለው የአስተናግር መድኃኒት ነው፤ በእኛ አገር የብዙ ወጣት ሕመም በዚህ ቃል ተጠቅልሎ ቀርቷል።

እናቱ ጨካኝ አልነበሩም። ልጃቸውን ያልወሰዱበት ጸበል የለም። አንድ በጋ ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ በቢቸናና በደጀን አድርጎ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ አድርሶታል። ተሽሎት ተመለሰ፤ ደቦ ወጥቶ እህል ሲወቃ አይቼዋለሁ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን የሚሸጥ ሌላ በሬ አልነበረም።

ስለ አእምሮ ጤና በአገር ደረጃ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ ስንት ሐኪም፣ ስንት አልጋ አለን የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ብዙ ሰው በመጀመሪያ እንዳይታመም፣ የታመመውም ሕመሙ እንዳይጸናበት ሕዝቡ በጠቅላላው ምን ያድርግ የሚለው ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች የሚነጣጥሉ ሰዎች ያሳስቡኛል። አንዱ ወገን ሆስፒታል ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው ወገን ስለ «ማኅበረሰብ» ሲያወራ የጓሮውን ቤት ይረሳል። እኔ እስከማየው ድረስ በሞጣና በቢቸና፣ በሁለት እጁ እነሴና በእነማይ ገጠር፣ የሰው አእምሮ የሚጠነክረውም የሚሰበረውም በአብዛኛው ከሕክምና ክፍል ውጭ ነው፤ በጨው ዕቃው፣ በጋብቻው ዕድሜ፣ በመጠጡ፣ በለቅሶው ድንኳን፣ በመንገዱ ሰላም። የታሰረው ሰው ግን ይህ ሁሉ እስኪስተካከል ምሰሶው ሥር አይጠብቅም።

ከሕክምናው ልጀምር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1987 እዚያ ተጀመረ፤ እነዚያ ነርሶች ናቸው በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል አንዲት ክፍል ይዘው ለዓመታት ሸክሙን የተሸከሙት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እስከዚያ ድረስ ስፔሻሊስቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በገጠር ያለውን የሕመሙን ስፋት ያሳየን በቡታጅራ የተደረገው ጥናት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም ውስጥ ዶክተር አታላይ ዓለምና ዶክተር ደረጀ ከበደ፣ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አስጠየቁ። ሆስፒታል የመጣውን ሳይሆን ጓሮ ያለውን ቆጠሩ ማለት ነው። ጽኑ ሕመም ካለባቸው ውስጥ አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ቀን እንኳ ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም ነበር። ከዚያም እነዚያን ሰዎች 10 ዓመት ተከታተሏቸው። ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ታየ። ብዙዎቹን የወሰዳቸውም ተላላፊ በሽታ ነው። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ጊዜ የታሰረው ጎረቤቴ ትዝ አለኝ። እርሱ ሲያስለው «እብድ ነው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው አልነበረም። የአእምሮ ሕመም ሰውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሌላው በሽታው እንዳይታይለት በማድረግ።

ከቡታጅራ አጠገብ ባለው ሶዶ ወረዳ ደግሞ ሁለተኛው ምዕራፍ ተጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ስፔሻሊስት ላልሆነ ጤና ሠራተኛ የሚሆን የአእምሮ ሕክምና መመሪያ አውጥቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በተጀመረው ፕራይም በተባለው ፕሮጀክት የሶዶ ጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በዚያ መመሪያ ሠለጠኑ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ በየቀበሌው የተደበቀውን ሰው ፈልገው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ተደረገ። ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ፕሮፌሰር ሻርሎት ሀንሎን ሥራውን ከመሩት መካከል ናቸው። ከሁሉ በላይ እኔን የነካኝ ውጤት የመታሰሩ ነው። መጀመሪያ ላይ ከ4 ሕመምተኞች 1 ያህሉ ይታሰሩ ነበር፤ ሕክምናው በቅርባቸው ከተሰጠ ከአንድ ዓመት በኋላ ይህ ከ10 ሰው ወደ 1 ያህል ዝቅ አለ። ሰንሰለቱን የፈታው ስብከት ወይም ቅጣት አልነበረም። በእግር የሚደረስበት ጤና ጣቢያ፣ ስሙን የሚያውቅ ነርስ፣ በየወሩ የማይቋረጥ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሠለጠነ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ የተሰጠ ክትትል በሥነ አእምሮ ነርስ ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል።

መድኃኒት ብቻውን የማይመልሰውም አለ። እዚያው ሶዶ፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመምተኛ ካለባቸው ቤቶች ከ3 አንዱ ክፉኛ የምግብ እጥረት ነበረበት፤ ከሌላው ቤት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ መሆኑ ነው። የሚያርስ እጅ ታመመ፤ የሚያስታምም እጅም ከሥራ ወጣ። ስለዚህ ከሕክምናው በተጨማሪ ከማኅበረሰቡ የተመረጡና ለሳምንታት የሠለጠኑ ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ሕመምተኛው ወደ ሥራና ወደ ሰው እንዲመለስ አገዙ። ቤተሰቡን መከሩ፤ ከዕድርና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተነጋገሩ። ከዓመት በኋላ እነዚህ ሕመምተኞች የዕለት ኑሯቸውን የመምራት አቅማቸው ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻለ ሆነ። ጤና ሚኒስቴር በ2005 ዓ.ም. ባወጣው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም የተመረጠው መንገድ ይኸው ነው፤ ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ። የሚጎድለው ሐሳብ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ። እንግሊዛዊው የሕዝብ ጤና ሐኪም ጄፍሪ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1985 በጻፈው ጽሑፍ አንድ ሰው ለምን ታመመ ማለትና አንድ ሕዝብ ለምን ብዙ ሕመምተኛ ኖረው ማለት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው አለ። በቅዳሜ ገበያ ብንመስለው፣ እየወደቀ ያለውን አንድ ሰው መደገፍ አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም የሚረግጠውን ማጥ ጠጠር ማልበስ ሌላ ነገር ነው። ጠጠሩ ለአንዱ ሰው ብዙም ላይታወቀው ይችላል፤ የሚወድቀው ሰው ቁጥር ግን ይቀንሳል። የሮዝ ሐሳብ ከአእምሮ ጋር ሲገናኝ ሩቅ ሊመስል ይችላል። በእኛ ምድር ግን ዓይን የሚሞላ ምሳሌ አለው፤ እርሱም ጨው ነው።

የጎጃም ደጋ ዝናቡ ብዙ ነው። ዝናቡ ለዘመናት አፈሩን እያጠበ አዮዲኑን ወስዶታል። አፈሩ ከሌለው ጤፉም፣ ገብሱም፣ ላሚቱም የላቸውም። ለዚህ ነው በየገበያው አንገታቸው ላይ እንቅርት የተንጠለጠለ እናቶችን እያየን ያደግነው፤ «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረትም ከሚታይ ነገር የመጣ ነው። እንቅርቱ ግን ከችግሩ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። እርጉዝ ሴት አዮዲን ሲያንሳት የሚጎዳው የጽንሱ አእምሮ ነው። ልጁ ሲወለድ ሙሉ ይመስላል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን «አይገባውም» ይባላል፤ የከፋው ደግሞ መስማትና መናገር ሳይችል ይቀራል። መከላከል ከሚቻለው የአእምሮ ጉዳት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ትልቁን ድርሻ የያዘው ይህ እጥረት መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል።

ቀድሞ ጨዋችን ከቀይ ባሕር ዳርቻ ሲመጣ አዮዲን መጨመር ተጀምሮ ነበር። የ1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ያን መንገድ ዘጋው፤ አገሩ ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ፤ አዮዲኑ ቀረ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ቁጥር 204 ወሰነ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 ከመቶ ቤት ብቻ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት 89 ከመቶ ደረሰ። እስቲ ይህን እናስበው፤ በ5 ዓመት ውስጥ፣ አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም እጁን ሳያስገባበት፣ የሚሊዮኖች ሕፃናት አእምሮ ላይ የሚደርስ ነገር ተለወጠ። በኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የአእምሮ ጤና ሥራ ተሠርቷል ብዬ አላምንም። ያም ሆኖ ስለ አእምሮ ጤና በሚደረግ ስብሰባ ላይ ጨው ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ሥራው ግን አላለቀም። አዮዲን መኖሩና በቂ አዮዲን መኖሩ ሁለት ነገር ነው፤ በፋብሪካው ያነሰው፣ በመጋዘን ፀሐይ የመታው፣ ቤትም ከገባ በኋላ የሚተነው አለ። እናቴ ጨውን የሚያስቀምጡት ምድጃው አጠገብ፣ አፉ በተከፈተ ጣሳ ነበር፤ ሙቀት ስላለ አይረጥብማ። ወጥም የሚጣደው ጨው ተጨምሮ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ መጥታ «እማማ፣ ጨዉን ክደኑት፣ ከእሳቱ አርቁት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት» ስትላቸው እናቴ የሳቁትን ሳቅ አልረሳም፤ የወጥ አሠራር ልታስተምረኝ ነው ብለው። በኋላ ግን ጣሳው ክዳን አገኘ። የሕዝብ ጤና ሥራ መጨረሻው እንዲህ ያለች ክዳን ናት። በጉልት ገበያ ከጆንያ እየተሰፈረ የሚሸጠው ጨው ግን ዛሬም ፀሐይ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የልጃገረዶች ጋብቻ ነው። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ካለ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት ገና 16 ዓመት ገደማ ሳሉ ነው። አናስታሲያ ጌጅ የተባሉ ተመራማሪ በአማራ ክልል ካሉ ልጃገረዶች የተሰበሰበ መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት፣ ያገቡት ብቻ ሳይሆኑ የታጩትና ሽማግሌ የተላከባቸውም ሕይወታቸውን የማጥፋት ሐሳብ ይበልጥ እንደሚመጣባቸው አሳየ። ሽማግሌው በር ላይ መቆሙ ብቻውን የልጅቱን ልብ ይሰብራል ማለት ነው። ከዚሁ ጥናት ደግሞ የሚያጽናና ነገር ወጣ፤ ያለዕድሜ ጋብቻን ለመከላከል ማኅበረሰቡ በሚንቀሳቀስበት አካባቢ ያሉ ልጃገረዶች ይህ ሐሳብ ያንስባቸዋል። አንዲትን ልጅ ለብቻዋ ከመምከር የሰፈሩን ሐሳብ መለወጥ ይበልጥ ጠቀማት።

በሞሰቦ የተደረገውንም እዚህ ማንሳት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአማራ ክልል በዚህች ገጠር ብርሃነ ሔዋን የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። ልጃገረዶች በቡድን ይሰባሰባሉ፤ ትምህርት ቤት እንዲቆዩ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣቸዋል፤ ወላጆች ለሁለት ዓመት ልጃቸውን ላለመዳር ቃል ይገባሉ፤ ቃላቸውን ከጠበቁ ልጅቱና ቤተሰቧ አንዲት ፍየል በጋራ ይቀበላሉ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ጋብቻው በእጅጉ ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሮ ታየ። ጋብቻው ቆየ እንጂ አልቀረም። ይህን ሁለተኛውን ውጤት ደብቆ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያወራ ብዙ ነው። ለእኔ ግን የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ሦስት ተጨማሪ ዓመት በደብተሯና በጓደኞቿ መካከል ማለፉ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ መጠጥ ባጭሩ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ከለከለ። ጥሩ ሕግ ነው። ሞጣ ላይ ግን ቤት የሚያፈርሰው ከቢራው ይልቅ አረቄው ነው፤ አረቄውን የምታወጣው ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት፣ ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። ማሰሮዋን መስበር ሌላ ችግር መፍጠር ነው። ሌላ መተዳደሪያ ሳይሰጧት ስለ አረቄ ጉዳት ብቻ የሚያስተምሩ ሰዎችን ሰምቼ ልቤ አያርፍም።

ሕይወትን ስለማጥፋት ከስሪላንካ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ያ አገር እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም ላይ ይህ ሞት ከከፋባቸው አንዱ ነበር። መንግሥት በጣም አደገኛ የሆኑትን የተባይ ማጥፊያ ኬሚካሎች አንድ በአንድ ከገበያ አስወጣ፤ በ20 ዓመት ውስጥ የሟቾቹ ምጣኔ በ70 ከመቶ ገደማ ወረደ፤ ወደ 93,000 ሰው ተረፈ ተብሎ ይገመታል። ምርቱ አልቀነሰም። የጭንቅ ሰዓት ያልፋል፤ ያን ሰዓት ያለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ይኖራል። እዚያው አገር የተሞከረ ሌላ ነገር ግን አልሠራም፤ ከ50,000 በሚበልጡ ቤቶች በተደረገ ጥናት ኬሚካሉን የሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ለውጥ አላመጣም። ጣሪያው ሥር የጤፍና የበቆሎ መድኃኒት ለሚያስቀምጠው የእኛ ገበሬ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ኃላፊነቱን ለቁልፍና ለቤተሰብ ትቶ መሄድ አይሠራም፤ ምን ዓይነት ኬሚካል ወደ አገር እንደሚገባ የሚቆጣጠረው አካል ነው መወሰን ያለበት። ይህን የሚያነብ፣ ልቡ የከበደበት ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ በቅርቡ ወዳለ ጤና ጣቢያም ከሰው ጋር ይሂድ።

ብዙ ሰው የእኛ ሕዝብ ዕድር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ሽምግልና ስላለው የአእምሮ ጤናው የተጠበቀ ነው ይላል። እውነትነቱ ትልቅ ነው። ሐዘንተኛን ብቻውን የማያስቀምጥ ሕዝብ ነን። ድንኳኑ ይተከላል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ እንጀራው ከየቤቱ ይመጣል፤ ለቅሶ ደራሹ ቢያወራም ባያወራም ተቀምጦ ያመሻል። እስከ አርባው፣ እስከ ሙት ዓመቱ ሐዘኑ ቀን ተቆርጦለት ይሸኛል። በብዙ ሀብታም አገር ይህ የለም።

ዕድራችን ግን ለሞት ነው የተሠራው። ያ የጓሮ ቤቱ ጎረቤቴ ሲያርፍ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እናቱን ያልያዘ፣ ያላለቀሰ አልነበረም። እርሱ በታሰረባቸው ዓመታት ግን ከእነዚያ ሰዎች ውስጥ ያችን ጎጆ የገባ አላየሁም፤ እኔንም ጨምሮ። ጨርቁን አጥር ላይ እያየሁ አልፌያለሁ። ለቅሶ የምንደርሰውን ያህል ሕያው ሐዘን አንደርስም፤ በአእምሮ ሕመም ላይ ያለን ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል። ከወለደች በኋላ ልቧ የጨለመባት አራስም እንደዚሁ ናት። ገንፎ ይገነፋል፣ እልል ይባላል፤ እርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር «ደክሟት ነው» ይባላል። በፓኪስታን ገጠር እንደ እኛ የጤና ኤክስቴንሽን ያሉ ሴቶች ለእናቶች የተለመደውን የቤት ለቤት ጉብኝት ሲያደርጉ ስለ ልባቸውም በሥርዓት እንዲጠይቁና እንዲመክሩ ሠልጥነው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ጥናት የተጨነቁት እናቶች ቁጥር ከግማሽ በታች ወርዷል። አዲስ ሠራተኛ አልተቀጠረም።

በዚምባብዌም ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የጀመሩት ሥራ አለ። አሮጊቶች በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች ግቢ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚመጣውን ሰው ያዳምጣሉ፤ ችግሩን አንድ በአንድ አንሥተው አንዱን መርጠው እንዲፈታው ያግዙታል። ሕመሙን የሚጠሩት በሐኪም ቃል አይደለም፤ «ሐሳብ ማብዛት» በሚል በራሳቸው ቋንቋ ቃል ነው። እኛም «ሐሳብ አበዛ» እንል የለ? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ሥራው ጭንቀትንና ድብርትን እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የእኛ እማሆዮችና የዕድር ዳኞች ቢሠለጥኑ ይህን ማድረግ ይሳናቸዋል? እኔ ከቢቸና እስከ ሞጣ የማውቃቸው ስንት እናቶች ይህን ሥራ ሳይሠለጥኑም ቡና እያፈሉ ይሠሩታል። የጎደላቸው ሥልጠናና፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ሰው የሚልኩበት ቦታ ነው።

ጸበልን ሳያነሱ ስለ ጎጃም አእምሮ ጤና መጻፍ አይቻልም። አብዛኛው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው፤ እዚያም ተስፋ፣ ጸሎት፣ ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር አብሮ መኖርን ያገኛል። እነዚህ እውነተኛ ነገሮች ናቸው። ጉዳቱ የሚመጣው መታሰርና መገረፍ ሲኖር፣ ወይም «መድኃኒት ከወሰድክ ጸበሉ አይሠራም» ሲባል ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ክርክር ጊዜ፣ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ለአእምሮ ሕመምም ከዚህ የተሻለ መሠረት አያስፈልግም። እንጦጦ ላይ የጸበል አጥማቂዎችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አብረው መሥራት ጀምረዋል። በየደብሩ ያሉ የንስሐ አባት ለንስሐ ልጃቸው «ክኒንህን ዋጥክ ወይ?» ቢሉት፣ በመስጊዱም ኢማሙ እንዲሁ ቢጠይቁ፣ ከሐኪሙ ቃል ይበልጥ ይሰማል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚሆነው ሰላም ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለው የሙስሊም ወንድሞቻችን ሱቆች ሲዘረፉ፣ የጠፋው ዕቃና ቤት ብቻ አልነበረም። ከጎረቤቱ ጋር ለዓመታት ቡና የጠጣ ሰው ማታ ሲተኛ በር ማዳመጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጦርነቱም ወደ ምሥራቅ ጎጃም ገጠርና ከተማ ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ስሌት ጦርነት በነካው ሕዝብ መካከል ከ5 ሰው 1 ያህሉ ከቀላል እስከ ከባድ የአእምሮ ሕመም ይኖርበታል። ይህን የሚያክል ሕዝብ የሚያስተናግድ የምክር አገልግሎት በየትም አገር አልተሠራም። የተኩስ ድምፅ የሚያቆም ስምምነት፣ የሚከፈት ትምህርት ቤት፣ የሚደርስ ማዳበሪያ፤ እነዚህን ማንም የአእምሮ ሕክምና ብሎ አይጠራቸውም፤ እኔ ግን እጠራቸዋለሁ።

መንገድ በተዘጋ በአንዱ ወር ወደ አገር ቤት ስደውል አንድ የአክስቴ ልጅ ስለ ወንድሙ ነገረኝ። ወንድሙ ለዓመታት ክኒኑን ሳያቋርጥ፣ እርሻውን እያረሰ፣ ሠርግ እየተጠራ የኖረ ሰው ነው። መድኃኒቱ የሚመጣበት መኪና ከቆመ ሰንብቷል። የቀረውን ወረቀት ላይ ዘርግተው ቆጠሩት፤ 23 ክኒን ነው። እናቲቱ በቢላ ለሁለት ለሁለት ቆርጠው፣ ቀን እየዘለሉ ሊሰጡት ወስነዋል። «እስከ ጥምቀት ያደርሰናል» አለኝ የአክስቴ ልጅ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰንሰለቱን ከአያታቸው ቤት ማምጣት ይሻል እንደሆነ ጠየቀኝ።